ስለ አጥንት ሕክምና ተማሪዎች የባሕር ማዶ ጉዞና ስለ ሞላሌ ሕመምተኛ

አጥንት ለሰው ገላ እንደ ቤት ምሰሶ ነው። ምሰሶው የጸና እንደ ሆነ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ይመረጋል፤ ክዳኑ ቢያፈስ ይታደሳል፤ ምሰሶው የተሰበረ እንደ ሆነ ግን ቤቱ በሙሉ ያዘነብላል። የገበሬም ነገር እንዲሁ ነው። የአንድ ገበሬ እግር በተሰበረ ጊዜ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ በሬዎቹ አራሽ ያጣሉ፤ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ቀርተው እረኛና አራሽ ይሆናሉ። ስለዚህ የአጥንት ሕክምና ነገር የቤትና የአገር ነገር እንጂ የአንድ ሕመምተኛ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አስተውሎ ለሚመለከተው ሁሉ ግልጥ ነው።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ማማ ምድር የምትገኘው ሞላሌ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ትሆናለች። መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፥ ላሎና ጌራ ተብሎ በ3 ምድር የተከፈለ የደጋ አገር ነው። ብርዱ የጸና፥ ገብሱ የታወቀ፥ ከበጉ ጠጉር ባናና ዝተት የሚሠራበት፥ ሕዝቡም ሥራ ወዳድና ትዕግሥተኛ የሆነ አገር ነው። ሜዳውን ሲያዩት ቀና ይመስላል፤ ዳር ዳሩ ግን ገደል ነው። በምዕራብ በኩል ወንዞቹ ወደ ዠማና ወደ ወንጭት በጥልቅ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ በምሥራቅም በኩል ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ ያዘቀዝቃል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ከገደል ይወድቃል፤ ከበቅሎ ይወድቃል፤ በክረምት ጭቃ ያዳልጠዋል፤ በዚህ ዘመን ደግሞ የመኪና አደጋ ተጨምሮበታል።

እንግዲህ በሰኔ ወር፥ ዝናም በያዘበት ቀን፥ በሞላሌ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ የሚኖር ገበሬ ወድቆ የጭኑ አጥንት ቢሰበር ምን ይሆናል? ጎረቤቶቹ ጩኸቱን ሰምተው ይሰበሰባሉ፤ በቃሬዛም አድርገው ወደ ቤቱ ያገቡታል። ከዚያ በኋላ በፊቱ 2 መንገድ ይቆማል። አንደኛው መንገድ ቅርብ ነው፤ እርሱም የመንደሩን ወጌሻ መጥራት ነው። ሁለተኛው መንገድ ሩቅ ነው፤ እርሱም የአጥንት ሕክምናን ለይቶ የተማረ ሐኪም ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ነገሩ የከበደም እንደ ሆነ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው። ቅርቡን ትቶ ሩቁን ለመምረጥ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አስታማሚ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ሩቅ ተሂዶ የሚገኘው ሕክምና ከቅርቡ እንደሚሻል ማመን ያስፈልጋል።

ወጌሻውን ማቃለል አይገባም። ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን የወለቀውን የመለሰ፥ የተሰበረውን ያቀና እርሱ ነው። ጥበቡን ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ተምሮ፥ ጣቱን እንደ ዓይን አድርጎ፥ በቆዳው ላይ እየዳሰሰ ስብራቱን ያውቃል። ሕዝቡም የሚወደው ያለ ምክንያት አይደለም። በተጠራበት ሰዓት ይደርሳል፤ የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፤ የሕመምተኛውን ቤትና ዘመድ ያውቃል፤ ሕመምተኛውም ከቤቱ ሳይለይ በልጆቹ መካከል ይታከማል። ቀላል ስብራት በእጁ ድኖ የቆመና የሠራ ሰው በየመንደሩ አለ።

ነገር ግን እውነቱ በሁለት ወገን የተሳለ ነው። ከስብራት በኋላ ሥጋ ያብጣል። እግሩ በቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ተደርድሮ በገመድ ጠብቆ የታሰረ እንደ ሆነ እብጠቱ መውጫ ያጣና ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደምም መመላለሻ ያጣል። በዚያን ጊዜ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ከዚያ ይደነዝዛሉ፤ ቆይተውም ይጠቁራሉ። ሥጋ ያለ ደም ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይምና ሕመምተኛው «ጠብቆብኛል» ብሎ ሲጮኽ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፤ ታገሥ» ተብሎ ያደረ እንደ ሆነ፥ ዘግይቶ ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚቀረው ሕክምና እግሩን መቁረጥ ብቻ ይሆናል። ስብራቱ ቢጠገን ይድን የነበረ ሰው በማሰሪያው ምክንያት እግር አልባ ይሆናል። ይህም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሕፃናት ላይ ነው፤ ልጅ ሕመሙን ለይቶ መናገር አይችልምና።

ይህን ጉዳት መቀነስ እንደሚቻል በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ታይቷል። በጉራጌ ምድር በወልቂጤ አቅራቢያ ባለው በአጣጥ ሆስፒታል ወጌሾችን ሰብስበው፥ አክብረው፥ ማሰሪያ እንዴት እንደሚላላ፥ ጣት እንዴት እንደሚታይ፥ የትኛው ስብራት ለሐኪም እንደሚላክ የ1 ቀን ትምህርት ሰጧቸው። ከትምህርቱ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጠው እግርና እጅ ቁጥሩ ቀነሰ። የዚህም ሥራ ውጤት በ2005 በእንግሊዝ አገር በሚታተመው በታወቀው የአጥንት ሕክምና መጽሔት ወጥቶ የሌላው ዓለም ሐኪሞች አንብበውታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር የሚነገረው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ የጎደለው ነገር ምንድር ነው ቢባል፥ በወጌሻውና በሐኪሙ መካከል፥ በሞላሌና በአዲስ አበባ መካከል፥ በአዲስ አበባና በሌላው ዓለም መካከል ጥበብ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ስለዚህም ነገር የአጥንት ሕክምና በሌላው አገር እንዴት እንዳደገ መመልከት ይጠቅማል።

የአጥንት ሕክምና በፈረንጆች ቋንቋ «ኦርቶፔዲ» ይባላል። ይህንን ስም ያወጡት ኒኮላ አንድሪ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ናቸው፤ በ1741 ባሳተሙት መጽሐፍ «ቀጥ ያለ» እና «ሕፃን» የሚሉትን 2 የግሪክ ቃላት አጋጥመው የሕፃናትን ጉብጠት ስለ ማቅናት ጻፉ። በመጽሐፉም ውስጥ የተሥዕለው የጎበጠ ለጋ ዛፍ ከቀጥተኛ እንጨት ጋር ታስሮ እስከ ዛሬ የአጥንት ሐኪሞች ምልክት ሆኖ ይኖራል። ችግኝ ተክሎ ያሳደገ ገበሬ የዚህን ሥዕል ትርጓሜ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ከእርሳቸው በኋላ ለዚህ ጥበብ ታላቅ መሠረት የጣሉት በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ የኖሩት ሂዩ ኦወን ቶማስ ናቸው። የተወለዱት በ1834 ነው፤ ዘራቸውም የወጌሻ ዘር ነበረ። አባታቸው ሐኪም ቤት ያልገቡ፥ ጥበባቸውን ከወላጆቻቸው የወረሱ፥ ሕዝብ የሚወዳቸው ወጌሻ ነበሩ። እኒህ አባት ግን ዘመኑ እንደ ተለወጠ አስተውለው ልጆቻቸውን ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ሰደዱ። ልጃቸው ሂዩም የአባታቸውን እጅና የትምህርት ቤቱን እውቀት አንድ አድርገው ለጭን ስብራት የሚሆን የብረት መደገፊያ ሠሩ። የባለቤታቸው የወንድም ልጅ ሮበርት ጆንስ ይህን መደገፊያ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሜዳ ስላስፋፉት በጭን ስብራት የሚሞተው ወታደር ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ስለዚህ ወጌሻና ሐኪም ጠላቶች ናቸው የሚለው አሳብ ሐሰት ነው፤ በሊቨርፑል አንዱ የአንዱ ልጅ ነበረና።

በዚያው ጦርነት በ1917 ወጣት የአሜሪካ የአጥንት ሐኪሞች ጎልድትዌይት በሚባሉ አለቃ መሪነት ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ አገር መጡ። የመጡት ለመርዳት ነበረ፤ ነገር ግን በሮበርት ጆንስ ሥር እየሠሩ ብዙ ተማሩ፤ ወደ አገራቸውም በተመለሱ ጊዜ ያዩትን አስፋፉ። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ የሚያስደንቅ ነገር ሆነ። ኩንቸር የሚባሉ ጀርመናዊ ሐኪም በ1939 በተሰበረ የጭን አጥንት ቅልጥም ውስጥ ረዥም ብረት አግብተው ስብራቱን ማያያዝ ጀመሩ። የአሜሪካና የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህን በቅጡ ያወቁት በጀርመን ተማርከው የነበሩ ወታደሮች ብረቱን በጭናቸው ይዘው በተመለሱ ጊዜ ነው። ሰው ከሰው ጋር በሰላም ባልተገናኘበት ዘመን ጥበብ በቁስለኛ ጭን ውስጥ ሆኖ ተጓዘ።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ ነገር በደም ሳይሆን በሰላም እንዲሆን ተመከረ። በ1948 ካናዳዊው ዶክተር ሃሪስ ባመጡት አሳብ በአሜሪካ፥ በብሪታንያና በካናዳ መካከል የወጣት አጥንት ሐኪሞች የጉዞ ልውውጥ ተጀመረ። በአንዱ ዓመት ከወዲያ ወገን፥ በሚቀጥለው ዓመት ከወዲህ ወገን ጥቂት ወጣቶች ተመርጠው ለ5 ሳምንት ያህል ከከተማ ወደ ከተማ፥ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየዞሩ የታላላቆችን ሥራ ያያሉ፤ የራሳቸውንም ሥራ ያስረዳሉ። እንዲህ ያለው ጉዞ በውጭ አገር ቋንቋ «ፌሎሺፕ» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማኅበሮች ይህንን አብነት ተከተሉ። በ1929 በፓሪስ የተቋቋመው ሲኮት የሚባለው ዓለም አቀፍ የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር፥ በ1958 በስዊስ አገር የተጀመረው ኤ ኦ የሚባለው ማኅበርም ትምህርታቸውን ለጨረሱትም ሆነ ገና በመማር ላይ ላሉት የጉዞ ዕድል የሚሰጡ ናቸው።

ይህን ነገር አዲስ የፈረንጅ ሥርዓት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር የራሱን አገር ትምህርት ቤት ረስቶታል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሁሉ በጉዞ የተማሩ ናቸው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደብር ወደ ደብር የሚሄደው በመንደሩ መምህር ጠፍቶ አይደለም፤ አንዱ ጉባኤ በአንዱ ትምህርት፥ ሌላውም በሌላው ስለሚበልጥ ነው እንጂ። ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕትን ለመማር ወደ ዙር አባ ይሄዳል፤ ቅኔን ፍለጋ ወደ ዋሸራ ይወርዳል፤ አቋቋምን ለማወቅ ጎንደር ይገባል። ከመንዝ ደብሮችም ተነሥተው ዐባይን ተሻግረው የተማሩ ካህናት ጥቂቶች አይደሉም።

በዚህም ሥርዓት ውስጥ 3 ነገር ይታያል። መጀመሪያ፥ ተማሪው ከመሄዱ በፊት በአገሩ የሚማረውን ጨርሶ ይሄዳል፤ ፊደል ያልለየ ወደ ቅኔ ቤት አይላክምና። ሁለተኛ፥ የሚሄደው አንድ የታወቀ ነገር ለመማር ነው፤ አገር ለማየት ብቻ የሚዞር ሰው ተማሪ አይባልም። ሦስተኛ፥ የትምህርቱ ፍጻሜ ጉባኤ ዘርግቶ ማስተማር ነው፤ ሊቅነቱ የሚታወቀው ከእርሱ በተማሩት ደቀ መዛሙርት ነውና። ለአጥንት ሕክምና ተማሪዎች ጉዞ ደንብ ለማውጣት የሚያስብ ባለሥልጣን ከዚህ የተሻለ ደንብ በሌላ አገር አያገኝም።

ኢትዮጵያም በሕክምና ጥበብ ስለ ጉዞ የምታውቀው ነገር አላት። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አከሙ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ የሆስፒታል ሥራ ተጀመረ። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተብለው የሚጠሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 ከመቅደላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዝ መኮንኖች ተወስደው በሕንድ አገር በላሆር፥ ኋላም በስኮትላንድ ሕክምና ተማሩ። የተወሰዱት በፈቃዳቸው አልነበረም፤ የተመለሱት ግን በፈቃዳቸው ነው። ወደ አዲስ አበባም በመጡ ጊዜ በድንኳን ውስጥ ሆነው ሕመምተኛ ያክሙ ነበር። ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ወደ ወገኑ መመለሱ እንዴት ያለ ጥቅም እንዳለው ለማሳየት የእርሳቸው ታሪክ ይበቃል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሰፋ። በ1964 በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። በ1965 ደግሞ አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ዶክተር ፖል ብራንድ የተባሉ የእጅ ቀዶ ጥገና ሐኪም በሕንድ አገር በቬሎር የጀመሩት፥ በሥጋ ደዌ የሰለለውን እጅና እግር ጅማት እያዛወሩ የማቅናት ጥበብ በዚሁ ቦታ ይሰጥ ነበረና ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች ተማሩበት። ይህ ነገር መዘንጋት አይገባውም፤ ኢትዮጵያ ተማሪ የምትልክ ብቻ ሳትሆን ተማሪ የምትቀበልም አገር እንደ ነበረች ያስረዳልና።

የአጥንት ቀዶ ጥገና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን በ1980ዎቹ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተጀመረ ጊዜ ዎርልድ ኦርቶፔዲክ ኮንሰርን የሚባለው የበጎ አድራጊ ሐኪሞች ማኅበር መምህራን በመላክ ረዳ። ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በባሕር ዳርና በሐዋሳም የአጥንት ሕክምና ሬዚደንቶች ይማራሉ። በ1999 የተቋቋመው የምሥራቅ፥ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ኮሌጅ ኢትዮጵያን ከአባሎቹ አንዷ አድርጎ ይቈጥራል፤ የአገሮቹም ተማሪዎች በአንድ ፈተና ይመዘናሉ። በ2005 የተጀመረው የአውስትራሊያ ሐኪሞች ለአፍሪካ የተባለው ማኅበር የአጥንት ሐኪሞችን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣል። በ2008 በአዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታልም የልጆችን አጥንት ያክማል፤ ወጣት ሐኪሞችንም ያሠለጥናል።

ከጉዞ የተገኘ ጥበብ እስከ ሞላሌ ገበሬ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ ለማስረዳት 2 ምሳሌ ይበቃል። የመጀመሪያው የጭን ስብራት ነው። ቀድሞ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ እግሩ በክብደት እየተጎተተ ለብዙ ሳምንት በአልጋ ላይ ይተኛ ነበር። በአልጋም ላይ ሳለ ጀርባው ይቈስላል፤ ጉልበቱ ይደርቃል፤ አስታማሚውም ሥራውን ትቶ ከከተማ ይቀመጣል። በቅልጥም ውስጥ የሚገባው ብረት ይህን አሳጠረው፤ ነገር ግን ብረቱን ለማግባት በቀዶ ጥገናው ሰዓት ያለ ማቋረጥ የሚያሳይ ውድ የራጅ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። ዶክተር ዚርክል የተባሉ አሜሪካዊ በ1999 ያቋቋሙት ሳይን የሚባለው ድርጅት ግን ያለዚያ መሣሪያ በውጭ በኩል በሚያያዝ መምሪያ ብረት ቀዳዳውን ፈልጎ የሚያስር ዘዴ አበጀ፤ ብረቱንም ለድኻ አገር ሆስፒታሎች በነጻ ይሰጣል። ሐኪሙ በምላሹ የሚሰጠው የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ሥራ ከራጅ ሥዕሉ ጋር ጽፎ መላክ ነው። ይህ ዘዴ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ተሠርቶበታል። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ ሐኪሞችም በድርጅቱ ጉባኤ ተገናኝተው ችግራቸውን ይነጋገራሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ቆልማማ እግር ነው። ከ1,000 ሕፃናት 1 ያህሉ እግሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ይወለዳል። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የተባሉ የስፔን ተወላጅ፥ በአገራቸው ጦርነት ምክንያት ተሰደው ወደ ሜክሲኮ፥ ከዚያም በ1941 ለመማር ወደ አሜሪካ ወደ አዮዋ የሄዱ ሐኪም፥ እግሩን በየሳምንቱ በእጅ እያቀኑ በጄሶ የማሰርን ዘዴ አገኙ። ከ5 ወይም ከ6 ጄሶ በኋላ ብዙውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በትንሹ ይከፈታል፤ ከዚያም ልጁ 4 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሲተኛ ልዩ ጫማ ያደርጋል። ታላቅ ቀዶ ጥገና አያሻም፤ የሚያሻው የሠለጠነ እጅና የእናት ትጋት ነው። ስደተኛው ሐኪም ያገኙት ጥበብ በተማሪዎቻቸውና በተማሪዎቻቸው ተማሪዎች እጅ ኢትዮጵያ ደርሶ ዛሬ ብዙ ሕፃናት ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አድርጓል። ከ280 ዓመት ገደማ በፊት የተሣለው የጎበጠ ችግኝ ሥዕል ፍጻሜው እንዲህ ያለ ነው።

ሆኖም የጉዞን ነገር የሚቃወሙ ሰዎች አሉ፤ ቃላቸውም ያለ ምክንያት አይደለምና መስማት ይገባል። አንዳንዶቹ፥ «የሄደው አይመለስም፤ ድኻው አገር አስተምሮ ለሀብታሙ አገር ይሰጣል» ይላሉ። ይህ እውነት ያለበት ነገር ነው፤ በመንግሥት ገንዘብ ተምረው በባሕር ማዶ የቀሩ ሐኪሞች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል። ሌሎቹ፥ «በዚያ የሚያየው መሣሪያ በዚህ የለም፤ ስለዚህ ተመልሶ ማዘን እንጂ መሥራት አይችልም» ይላሉ። ሌሎቹም፥ «ዕድሉ የሚደርሰው ለሚገባው ሳይሆን ዘመድ ላለው ነው» ይላሉ። ደግሞም፥ «ከጥቂቶቹ አንዱ በሄደ ጊዜ አልጋ ላይ ያለውን ሕመምተኛ ማን ያያል?» የሚሉ አሉ።

ለእነዚህ ቃላት መልሱ ጉዞውን መከልከል አይደለም። ደጁን የዘጋ ሰው ሌባ ባይገባበትም እንግዳም አይገባበትም። መልሱ ጉዞውን በሥርዓት ማድረግ ነው።

በመጀመሪያ፥ ጉዞው አጭር ይሁን። ለብዙ ዓመት የሄደ ሰው በዚያ ቤት ይሠራል፤ ልጅ ይወልዳል፤ ሥሩን ይተክላል። ለጥቂት ሳምንት ወይም ለጥቂት ወር የሄደ ግን ቤቱን ትቶ የሄደ ነውና ለመመለስ ይቸኩላል። ዋናው ሥልጠና በአገር ውስጥ ይሁን፤ ጉዞው ግን በእንጀራ ላይ እንደሚጨመር ወጥ ይሁን።

ሁለተኛም፥ ተማሪው ምን ለመማር እንደሚሄድ ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። የሕፃናትን እግር ማቅናት ነውን? የጀርባ አጥንት ሕክምና ነውን? የእጅ ጅማት መጠገን ነውን? ሲመለስም ለዚያ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ተዘጋጅቶ ይቆየው። ያለ መሣሪያ ያለ ጥበብ ያለ በሬ እንዳለ ሞፈር ነው። ብዙዎቹ ተመልሰው የሚሰደዱት ደመወዝ አንሷቸው ብቻ ሳይሆን የተማሩትን የሚሠሩበት ስላጡ ጭምር መሆኑን አለቆች ሊያስተውሉ ይገባል።

ሦስተኛም፥ ጉዞው ወደ ሀብታም አገር ብቻ አይሁን። በለንደንና በኒውዮርክ የሚታየው መልካም ነው፤ ነገር ግን በሕንድ፥ በማላዊ፥ በኬንያና በጋና ያለው ሐኪም የኢትዮጵያን ሐኪም ችግር ያውቃል። ዘግይቶ የመጣ ስብራት፥ በሚጠፋ መብራት፥ በጥቂት መሣሪያ እንዴት እንደሚታከም የሚያስተምረው እርሱ ነው። በጋና በአክራ ከተማ የጀርባ ጉብጠትን የሚያክመው ፎኮስ የሚባለው ሆስፒታል የተመሠረተው በአሜሪካ በሠሩት በጋናዊው ዶክተር ቦአቺ አጄ ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ወደዚያ ሄደው ጀርባቸው ቀንቷል። ሕመምተኛ በሄደበት መንገድ ተማሪም ቢሄድ ወደፊት ሕመምተኛው መሄድ አያስፈልገውም።

አራተኛም፥ ምርጫው በፈተናና በሥራ ምስክርነት በአደባባይ ይሁን። በዘመድ የተላከ ሰው 2 ጉዳት ያመጣል፤ የማይገባው ይሄዳል፤ የሚገባውም ተስፋ ይቆርጣል። ይልቁንም በጠረፍና በደጋ ባሉ ሆስፒታሎች ለማገልገል ፈቃዱን ያሳየ ወጣት ቢቀደም የተገባ ነው፤ ሕመምተኛውን በዓይኑ ያየ ሰው የሚማረውን ነገር ያውቃልና።

አምስተኛም፥ ልውውጡ በሁለት ወገን ይሁን። የኢትዮጵያ ተማሪ በሄደበት ቦታ የውጭው ተማሪ ወደ ኢትዮጵያ ይምጣ። ከዚያ የሚመጣው ወጣት በአገሩ በዕድሜው ሙሉ የማያየውን ስብራት በዚህ በአንድ ወር ያያል፤ በመሣሪያ ሳይሆን በእጅና በዓይን መመርመርን ይማራል፤ አልጋውም ባዶ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን ኢትዮጵያ ለማኝ ሳትሆን ሰጥታ የምትቀበል ትሆናለች።

ስድስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው። ከጉዞ የተመለሰ ሐኪም ያየውን በ1 ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ ወጥቶ እንዲያስተምር ይገደድ። ደብረ ብርሃን ላሉት ሐኪሞች፥ በመሐል ሜዳና በሞላሌ ላሉት ነርሶችና የጤና መኮንኖች፥ ለወጌሾችም ሳይቀር ጉባኤ ይዘርጋ። ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ የተሰበረ እግር እንዴት ታስሮ እንደሚጓዝ፥ አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ እንደ ሆነ ቁስሉ እንዴት እንደሚታጠብና እንዴት ቶሎ እንደሚላክ ያሳይ። ለወጌሻውም የአጣጥን ትምህርት ያስተምረው፤ የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት እንዲፈታ፥ ሕመምተኛውም ሳይውል ሳያድር እንዲላክ ይንገረው። ይህች አንዲት ትምህርት ብቻዋን ከብዙ ቀዶ ጥገና ይልቅ ብዙ እግር ታድናለች።

በዚህ ሥራ የካህናት ድርሻ ታላቅ ነው። ሐኪሙ የሚናገረውን ቃል ገበሬው አንድ ቀን ይሰማዋል፤ የንስሐ አባቱ የሚናገሩትን ግን ዘወትር ይሰማል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቈጠረው መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት እንደ ነበረ ካህናት ያውቃሉ። ስለዚህ ጸሎትና ጠበል ከሐኪም ጋር እንደማይጣሉ፥ እግሩ የቀዘቀዘ ልጅ እስኪነጋ መቈየት እንደሌለበት፥ ቆልማማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ቁጣ ወይም እርግማን ሳይሆን በጥቂት ጄሶ የሚቀና እንደ ሆነ በሰንበቴና በማኅበር ላይ ቢነግሩ ሐኪም የማይደርስበት ቤት ቃላቸው ይደርሳል። ልጇን ከሰው ዓይን ሸሽጋ የምታሳድግ እናት ከዚህ ቃል የሚበልጥ ምጽዋት አታገኝም።

የዞንና የወረዳ ባለሥልጣኖችም እንዲሁ ድርሻ አላቸው። አምቡላንስ ያለ ነዳጅ የቆመ እንደ ሆነ፥ ከመንደሩ ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣው ጎዳና በክረምት የተቆረጠ እንደ ሆነ፥ በባሕር ማዶ የተማረው ሐኪም ጥበብ በደብረ ብርሃን ተቀምጦ ሕመምተኛው በሞላሌ ተኝቶ ሁለቱ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ከለንደን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በአውሮፕላን የ1 ሌሊት ነው፤ ከመንዝ ገደል ሥር እስከ ሐኪም ቤት ያለው መንገድ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ስለ ተማሪዎች ጉዞ የሚመክር ሁሉ ስለዚህም ጉዞ አብሮ ሊመክር ያስፈልገዋል።

አሁን በሰኔ ዝናም ወደ ወደቀው ገበሬ መመለስ ይገባል። ወጌሻው ተጠርቶ ይመጣል፤ የተማረ ነውና ጭኑን ዳስሶ «ይህ የእኔ አይደለም» ይላል፤ በእንጨት ደግፎ፥ ማሰሪያውን አላልቶ፥ ጣቶቹን እያየ ወደ መንገድ ያስወጣዋል። በጤና ጣቢያው ያለችው ነርስ ሕመሙን አስታግሣ ትልከዋለች። በደብረ ብርሃን በጉዞ የተማረ ወጣት ሐኪም ይቀበለዋል፤ በቅልጥሙም ብረት ያገባለታል። በመስከረም ወር በምርኩዝ ቆሞ የገብሱን ዛላ ያያል፤ ለሚቀጥለውም እርሻ ሞፈሩን ይይዛል። ልጁም ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ እያንዳንዱም ክፍል በአንዱ ወይም በሌላው የኢትዮጵያ አገር ተሠርቶ ታይቷል። የቀረው ክፍሎቹን ማያያዝ ነው። የተሰበረ አጥንት ሁለቱ ጫፎች ካልተገናኙ አይገጥምምና፥ የባሕር ማዶው ትምህርትና የሞላሌው ሕመምተኛ እንዲገናኙ የሚተጋ ሹም፥ መምህርና ካህን ለአገሩ የሐኪም ሥራ ሠርቷል።